ማይሉ ለማን ይሁን

መርሳ፣ ኅዳር 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለአማን፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። አላህ ካለህበት ይጠብቅህ፣ ሥራህን ያቃናልህ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትህ ረሂማም ደህና ናት፤ ለመጣ ለሄደው ሁሉ «ልጄ ዱባይ የካርጎ ቢሮ ነው» ስትል ትውላለች። ሰላምታዋ ብዙ ነው፤ ሁሉንም ብጽፈው ለጉዳዬ ወረቀት አይተርፈኝም።

ደብዳቤ በሰው እጅ የምልክልህ ወድጄ አይደለም። ኢንተርኔቱ ከተቋረጠ ወራት አለፉት። ስልኩም ግማሹን አሰምቶ ግማሹን ይውጠዋል፤ ባለፈው ከነገርከኝ የሰማሁት «አክስቴ፣ በመጀመሪያ» የሚለውን ብቻ ነው። ሹፌሬ አዳነ አዲስ አበባ ያደርሰዋል፤ ከዚያ ወዲያ ዱባይ የሚሄድ ነጋዴ አይጠፋም።

ጉዳዬ እንዲህ ነው። የግራና አካባቢ ሽንኩርት አምራች ናፍጣ ፍለጋ መንከራተት ታክቶት፣ የሚጠይቀኝ ሁሉ በፀሐይ የሚሠራ የውሃ ፓምፕ ሆኗል። ስለዚህ የቻይናዋን ጓንዡን እንደ ውርጌሳ ገበያ እመላለስባታለሁ። ባለፈው ቦሌ ላይ በረራው ዘግይቶ፣ ወልድያ ጨርቅ ከምትነግደው ከታደለች ጋር ተቀምጠን ሳለ እሷ ብድግ ብላ አንዲት ካርድ አሳየችና ሶፋና ምግብ ወዳለበት ክፍል ገባች። «ዙልፋ፣ አንቺ ካርድ የለሽም እንዴ?» አለችኝ ደግሞ ዞራ። እኔ ይህን የታመመ ጉልበቴን ይዤ ሻንጣዬ ላይ ቀረሁ።

ካርድማ አለኝ። ሦስት አለኝ። አንዱ የኛው አየር መንገድ ነው፤ ሁለቱ በዓረብ አገር በኩል የሚያልፉት ናቸው። በየበረራው «ማይል ተጠራቀመልሽ» ይሉኛል። ያን ያህል ሰማይ ለሰማይ ስዞር ኖሬ አንድ ወንበር እንኳ አላገኘሁበትም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

አንተ የካርጎ ሰው ነህ፤ አየር መንገዶቹን ታውቃቸዋለህ። የትኛውን ልያዝ? አጭር አድርገህ ጻፍልኝ።

አክስትህ ዙልፋ


ዱባይ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ዙልፋ፤

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። አላህ ዕድሜና ጤና ጨምሮ ይስጥልኝ፤ ጉልበትዎንም ያሽርልኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ትናንት ነው። የያዘው ነጋዴ መጀመሪያ ሻርጃ ወስዶት ኖሯል።

አጭር አድርግ ብለውኛል፤ እሞክራለሁ።

ሦስት ካርድ መያዝ አንድ ቁና ዘር ሦስት ማሳ ላይ እንደ መበተን ነው፤ የትኛውም አይታጨድም። አንዱን ይምረጡ። ሲመርጡ ደግሞ የሚሰጡትን ስጦታ አይመልከቱ፤ የራስዎን መንገድ ይመልከቱ። የሚሄዱት ጓንዡ ነው። የኛው አየር መንገድ በቀጥታ ይወስድዎታል፤ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ የሚያመጣዎትም እሱው ነው። ስለዚህ መንገድዎ ሁሉ አንድ ቋት ውስጥ ይገባል። ከሱ ጋር የተባበሩ የውጭ አየር መንገዶችም አሉ፤ በነሱ ሲሄዱ የኛውን የአባልነት ቁጥር ይስጧቸው፣ ማይሉ ወደ ኛው ይገባል። የማይተባበሩም አሉና ሳይጠይቁ እንዳይገዙ። በጣም የረከሰ ትኬት ማይል ላያስገኝ ይችላል፤ ይህንንም ይጠይቁ። ስምዎ በካርዱ ላይ ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ አንድ ፊደል ሳይዛነፍ ይጻፍ። ማይል ደግሞ እንደ እህል ይነቅዛል፤ ጊዜው ሲያልፍ ይሰረዛል። ደረጃ የሚባል ነገርም አለ፤ በዓመት ውስጥ ብዙ የበረረ የብር ካርድ፣ ከዚያም የወርቅ ካርድ ያገኛል። ታደለች ወደገባችበት ክፍል የሚያስገባው እሱ ነው እንጂ ማይሉ አይደለም፤ ማይሉ ሲሞላ የሚያስገኘው ነጻ ትኬት ነው። ሁለቱ ይለያያሉ። ዝርዝሩን በሚቀጥሉት ሦስት ገጾች አስቀምጫለሁ።

እውነቱን ለመናገር በዱባይ የሚያልፈውን ቢመርጡ ደስ ይለኝ ነበር፤ ኤርፖርት መጥቼ አይዎት ነበር። ግን የጠየቁኝ ለእርስዎ የሚበጀውን ነው።

የእናቴን እጅ ይሳሙልኝ።

ልጅዎ አማን


መርሳ፣ ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአማን፤

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ እውቀትህን ያብዛው፤ ወረቀትህን ግን ይቀንስልኝ። አጭር ያልኩህን አራት ገጽ አድርገህ ልከህ፣ ውርጌሳ ላይ መንገድ ተዘግቶ መኪና ውስጥ በዋልንበት ቀን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው የባሰ ግራ ገባኝ።

ያም ሆኖ ምክርህን ልፈጽም አስቤ ነበር። አዲስ አበባ ገዛኸኝ የሚባል ትኬት የሚያገናኘኝ ደላላ አለ። «እትዬ ዙልፋ፣ ከሁሉ የረከሰ አግኝቻለሁ» አለኝ። እኔም ገዛሁ። ከነዚያ ከሦስቱ ያልሆነ አራተኛ አየር መንገድ ነው። ስሙን እንኳ አሁን አላስታውሰውም። ስሄድ አንድ ቦታ፣ ስመለስ ሁለት ቦታ አሳረፈኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ የብረት ወንበር ላይ አደርኩ። እንዳልከኝ የኛውን የአባልነት ቁጥር ሰጥቼ ማይሌን አስገቡልኝ ብላቸው መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ኮምፒውተሯን አየችና «እማማ፣ እኛና እነሱ አንተዋወቅም» አለችኝ።

ይህ አልበቃ ብሎ የኛውን ካርድ ባስመረምረው ስሜ «ዘልፋ» ተብሎ ተጽፏል። የሞላልኝ ያው ገዛኸኝ ነው። ባለፉት ጉዞዎቼ ማይሉ ያልገባልኝ ለዚህ ኖሯል። ትኬት ቢሮ ያለች ሩት የምትባል ልጅ አረጋጋችኝና ስሙን አስተካከለችው፤ ያለፉትንም እንዲያስገቡ ጻፈችልኝ። ሌሎቹን ሁለት ካርዶች እዚያው ፊቷ ቀደድኳቸው። «መቅደድ አያስፈልግም ነበር» አለች። እኔን ግን ቀለለኝ።

አሁን ልንገርህ፤ ለማንም አትንገር። ይህ ማይል ከሞላ እናትህን መካ ለዑምራ ልልክበት ወስኛለሁ። አባትህ ከሞተ ጀምሮ ለራሷ አንድ ነገር ተመኝታ አታውቅም፤ ይህቺን ብቻ ነው የምትመኘው። ስለዚህ ከእንግዲህ ሶፋው ይቅርብኝ።

ይህንን በቢሮህ አድራሻ ልኬዋለሁ።

ዙልፋ


ዱባይ፣ የካቲት 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወይዘሮ ዙልፋ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ። መጪው ረመዳን የኸይር ይሁንልን።

አክስቴ፣ አይቆጡኝና እኔም አንዳንድ ጊዜ ይታክተኛል። «ሳይጠይቁ እንዳይገዙ» ብዬ ከሥሩ ሁለቴ አስምሬበት ነበር። ሰው መድኃኒት ታዝዞለት ገዝቶ የጎረቤቱን መድኃኒት ይውጣል? ገዛኸኝን ይተዉት። ትኬቱን ሩት ዘንድ ይግዙ።

የእናቴን ነገር ሳነብ ግን ደብዳቤውን አስቀምጬ ወጥቼ ዞርኩ። አላህ ይክፈልዎት። እኔ ማድረግ የነበረብኝ ነው።

አንድ ነገር ላሳስብ። የቤተሰብ አባልነት የሚባል አለ። የቤተሰቡ ሰው ሁሉ በአንድ ቋት ያጠራቅማል፤ ትኬቱም ለየትኛቸውም ይወጣል። ለእናቴ ትኬት ለማውጣት እሷን ማስመዝገብ ይኖርብዎታል። በዚያው እኔንም ቢያስገቡኝ መልካም ነው፤ የፓስፖርቴን ቁጥርና ስሜን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ምናልባት እኔም ስበር እጨምርበታለሁ።

ከእንግዲህ ደብዳቤ በቢሮ አይላኩልኝ። ቢሮው ዕቃ እያዘዋወረ ስለሆነ ይጠፋል። እዚህ ዴራ ሰፈር ምግብ ቤት ላላት ለአገራችን ልጅ ለሐራዋ ለናጅዋ ይስጡልኝ ቢሉ ይደርሰኛል።

እግረ መንገዴን ልጠይቅ፦ ሩትን ሲያገኟት፣ ከዱባይ አዲስ አበባ ለአንድ ሰው፣ መሄጃ ብቻ፣ ምን ያህል ማይል እንደሚፈጅ ይጠይቁልኝ። ለማወቅ ያህል ነው።

ልጅዎ አማን


መርሳ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአማን፤

አሰላሙ ዓለይኩም፤ ዒድ ሙባረክ። ጾማችንን አላህ ይቀበለን።

እናንተ የተማራችሁ ልጆች ሰውን ስትመክሩ እንደ ቃዲ፣ ስትጠየቁ እንደ ዲዳ ናችሁ። በዒድ ዕለት ስልክ ስንደውል ቁጥርህ አይሠራም። እናትህ «ለውጦታል እንጂ ምን ይሆናል» ብላ እኔን ታጽናናለች፤ ከዚያ ደግሞ ጓዳ ገብታ ስልኩን ብቻዋን ትሞክራለች። ቁጥርህን ከለወጥክ አዲሱን መጻፍ ምን ያቅታል? ካርጎ ቢሮ የሚሠራ ሰው ደብዳቤው በምግብ ቤት በኩል የሚላከውስ ምን ዓይነት የዕቃ ማዘዋወር ነው? እኔ ሱቄን በአንድ ቀን ነው ከወንዙ ማዶ ያዛወርኩት።

ስለ ቤተሰቡ አባልነት ታደለችን ባማክራት «የወንድምና የእህት ልጅ ማይል ሲያይ እንደ አይጥ ነው፤ እንዳታስገቢው» አለችኝ። ተናድጄ አስገባሁህ። ያንተን ጉዳይ እሷ ምን አገባት? ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ሩት ስምህን ስትጽፍ እኔም ልቤ ትንሽ ፈራ።

ጓንዡ ደርሼ መጣሁ፤ የብር ካርድም ደረሰኝ። ያን ክፍል ገባሁበት። ሶፋው ሲቀመጡበት ይውጣል፤ በዚህ ጉልበት ለመነሳት ሁለት ሰው ጠራሁ። ምግቡ ብዙ ነው፤ የቱ ሐላል እንደሆነ ስጠይቅ በረራዬ ተጠራ። ይህን ፍለጋ ነው ዓመት ሙሉ የተቃጠልኩት።

የዑምራውን ነገር እናትህ ሰምታለች። ማን እንደነገራት አላህ ይወቅ፤ እኔ የምጠረጥረው አዳነን ነው። ነጭ ልብስ አሰፍታለች፤ ለጎረቤት ለወርቅነሽ «ለልጆችሽም ዱዓ አደርግልሻለሁ» ብላታለች። እሷም በስለትሽ አስቢኝ ብላ ማሰሮ ሙሉ ማር አመጣችላት። አሁን መመለሻ የለውም።

የጠየቅከውን ሩት ነግራኛለች። ለዑምራው ደርሶ መልስ ካጠራቀምነው ከእኩሌታው በላይ ይወስዳል፤ ያንተም መሄጃ ከቀሪው ይበልጣል። መሄጃ ብቻ ለምንድነው የምትጠይቀው? ሰው ሄዶ አይመለስም?

በሰኔ በዱባይ በኩል አልፋለሁ፤ ለፓምፕ መለዋወጫ። ያን ጊዜ ፊት ለፊት ታስረዳኛለህ።

ዙልፋ


ዱባይ፣ ግንቦት 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአክስቴ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ስለዘገየሁ አፉ ይበሉኝ።

የጠየቅኩት ለአንድ ጓደኛዬ ነበር። አገሩ መግባት ፈልጎ ትኬት አልሞላለት ብሎ ነው። ይተዉት፤ ሌላ መላ አግኝቷል። የእናቴ ማይል እንዳይነካ።

በዱባይ ሲያልፉ ባገኝዎት ምንኛ ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ያን ሰሞን አቡዳቢ ለሥራ ይልኩኛል። ስለዚህ ሰፈሬ ድረስ ባይደክሙ ይሻላል። ሙቀቱም ከባድ ነው። መለዋወጫውን ኤርፖርት አጠገብ ካሉት መጋዘኖች ያገኙታል።

እናቴ በነጭ ልብሷ ፎቶ ብትነሳና ቢልኩልኝ።

አማን


ዱባይ፣ ሰኔ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.
በናጅዋ እጅ

ለአማን፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። ይህንን የምጽፍልህ ናጅዋ ምግብ ቤት የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ነው።

ለአለቃህ ማር ይዤ ነበር። አንተ አቡዳቢ ብትሆንም ሰውየውን አመሰግነዋለሁ ብዬ ቢሮህ ሄድኩ። በሩ ላይ ሰንሰለት አለ። ጥበቃውን ብጠይቀው እጁን አራግፎ «ኸላስ፣ ኸላስ» አለኝ፤ አብቅቷል ማለቱ ነው። ከረመዳን በፊት ነው የተዘጋው። ማሬን እንደያዝኩ ታክሲ ይዤ ናጅዋ ዘንድ መጣሁ።

ስታየኝ ደነገጠች። «እትዬ ዙልፋ፣ ደህና ነው፣ አልታመመም» አለች፤ ሳልጠይቃት።

«እና የት ነው?»

«ቀን ቀን ሥራ ፍለጋ ይዞራል። ማታ ማታ እዚህ ሳህን ያጥብልኛል። መኖሪያ ፈቃዱ በዚህ ወር ያልቃል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ቅጣት ነው። ማንንም አልነግርም ብሎ አስምሎኛል፤ አሁን አላህ ይቅር ይበለኝ።»

«ዛሬ ይመጣል?»

«ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ ሲመሽ ይመጣል።»

አማን፣ እንዴት እንደተናደድኩ ብነግርህ አታምነኝም። አራት ገጽ ሙሉ ስለ ማይል ስትተነትንልኝ፣ ከሥሩ ስታሰምርልኝ፣ አንድ መስመር ስለራስህ መጻፍ አቃተህ? ለጓደኛዬ ነው ትላለህ። ጓደኛህ ስሙ አማን መሆኑን ለምን አልነገርከኝም? እናትህ ልጄ የካርጎ ቢሮ ነው ብላ አገር ስታዳርስ፣ እኔም አጠገቧ ቆሜ አዎ ስል፣ አንተ ይህቺ ከተማ ውስጥ ከስንት ሰው ጋር ባንድ ክፍል ታድራለህ። ሰው ሥራው ይዘጋበታል። እኔ ጦርነቱ ሲመጣ ሱቄን እንዳለ ዘርፈውት አይደል ከባዶ የጀመርኩት? ተሸሸግሁ ወይ?

ተቆጥቼ ሳበቃ ለእናትህ ደወልኩ። ዛሬ አላህ ብሎ ስልኩ ጥርት ብሎ ያሰማል። ሁሉን ነገርኳት። ተቋረጠ እንዴ ብዬ «ረሂማ፣ አለሽ?» አልኳት።

«አለሁ» አለች።

«ማይሉ ለሁለታችሁ አይበቃም። ወይ ዑምራው ነው፣ ወይ እሱ ነው። እኔ መወሰን አልቻልኩም።»

«ካዕባ ባለበት ይጠብቀኛል፤ የልጄ መኖሪያ ፈቃድ ግን አይጠብቀውም። ይህንንም ደውለሽ ትጠይቂኛለሽ?» አለችኝ። በዕድሜዬ ሙሉ እንደዚያ ስትቆጣኝ ሰምቻት አላውቅም።

ለሩት ደውዬላት ትኬቱን ዛሬውኑ አውጥታ በናጅዋ ስልክ ልካዋለች። የቤተሰቡ ውስጥ ስለነበርክ አላስቸገራትም። ከዱባይ አዲስ አበባ፣ ካዲስ አበባ ኮምቦልቻ፤ መንገዱ ሰሞኑን አያስተማምንም፣ በመኪና እንዳትሞክረው። አሳትሜዋለሁ፤ ወረቀቱ ከዚህ ጋር አለ። ስምህ አንድ ፊደል አልተዛነፈም፤ ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ።

ልጠብቅህ አስቤ ነበር። እዚህ ተቀምጬ እጅህ ሳሙና እንደሆነ ባገኝህ፣ ቀና ብለህ የማታየኝ መሰለኝ። ስለዚህ ተነስቼ ወደ ጓንዡ እሄዳለሁ። የምትደርስ ቀን እኔ አልኖርም፤ አዳነ ኮምቦልቻ ይጠብቅሃል። ሱቁ ሰው ይፈልጋል፤ የሱቁን ቁልፍ እናትህ ይዛዋለች። ያልመጣህ እንደሆነ ግን ራሴ ተመልሼ ጆሮህን ይዤ ነው የምወስድህ።

ማሩን ለናጅዋ ሰጥቻታለሁ።

አክስትህ ዙልፋ


መርሳ፣ ሐምሌ 8 ቀን 2016 ዓ.ም.
ወደ ጓንዡ፣ በእትዬ ታደለች እጅ

ለአክስቴ ለወይዘሮ ዙልፋ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። አላህ የሄዱበትን ያሳካልዎ፣ በሰላም ይመልስዎ።

ደብዳቤዎን ናጅዋ የሰጠችኝ እርስዎ በወጡ በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው። አንብቤ ስጨርስ ጓዳ ገብቼ የዚያን ማታ ሳህን አጥቤ ጨረስኩ።

ሱቁን ከፍቻለሁ። ዓሪፍ የሚባል የግራና ገበሬ ፓምፑ ውሃ አልስብ ብሎት መጣና እኔን አይቶ «ዙልፋ የለችም?» አለኝ። «የለችም፣ እኔ ልየው» ስለው «የለም፣ እሷ እስክትመጣ እጠብቃለሁ» ብሎ በሩ ላይ ተቀመጠ። ጓንዡ እንደሆኑ ብነግረውም አልተነሳም። በመጨረሻ ታክቶኝ በባጃጅ ማሳው ድረስ አብሬው ሄድኩ። መምጠጫው በጭቃ ተደፍኖ ኖሯል። ሲጠረግ ውሃው መጣ። ዓሪፍ ግን አሁንም ለዙልፋ ንገራት ይላል፤ ይኸው ነገርኩ።

ስለ ደረስኩበት ቀን ሊሰሙ ይፈልጋሉና ልጻፍ። ከአውሮፕላኑ ስወርድ ያስጨነቀኝ ማን ምን ይለኛል የሚለው ነበር። ሌሎቹ መንገደኞች ካርቶንና ቴሌቪዥን በጋሪ ይገፋሉ፤ እኔ ትከሻዬ ላይ አንድ ቦርሳ ብቻ ነበረኝ። እናቴ ከአዳነ ጋር መጥታለች። ነጩን ልብሷን ለብሳለች። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ አላለቀሰችም። ግንባሬን ሳመችኝና ወደ ኋላዬ አየች፤ ጋሪ የሚገፋ ሰው የሚከተለኝ መስሏት ነው።

«ሌላው ዕቃህስ?» አለችኝ።

«ይኸው ነው፣ እማ» አልኳት።

ቦርሳውን አየችው። እኔ መሬት መሬት ማየት ጀመርኩ። እጇን ዘርግታ ማንጠልጠያውን ከትከሻዬ አወረደችና በእጇ ከፍ ዝቅ አድርጋ መዘነችው።

«እሰይ፤ እንኳን ከባድ አልሆነ» አለች። «ይህንንማ እኔ እይዘዋለሁ።»

አዳነ ሊቀበላት ሮጠ፤ አልሰጠችውም። እኔም ለመንኳት፤ አልሰጠችኝም። በዚያ ሁሉ ካርቶንና ሰው መሀል ቦርሳዬን በጀርባዋ አዝላ፣ ፊት ፊቴን እየመራች መኪናው ድረስ ወሰደችኝ።

ልጅዎ አማን